ክሮሙን ከመላጣችሁ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

በሾዋክ፣ በገዳሪፍ፣ በገላባትና በመተማ ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ በተለይ ደግሞ በዚህ ሰዓት መኪና ሥር ተጋድማችሁ የምትሰሙን የጋራዥ ሰዎች፤ የዛሬው ርእሳችን አሮጌ መኪና ሲታደስ ከብረት ዕቃዎቹ ላይ የድሮው ልብጥ እንዴት እንደሚነሳ፣ መቼ ደግሞ ጨርሶ መነካት እንደሌለበት ነው። ልብጥ ስንል ክሮሙን፣ ኒኬሉንና ዚንኩን ማለታችን ነው። ቀለም ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሾዋክ አሮጌ መኪና አጥታ አታውቅም። በ77ቱ ድርቅ ከኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ሲቆጠር፣ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት የአካባቢውን ሥራ የሚመሩት ከዚህችው የአትባራ ዳር ከተማ ነበር። እስከ ወድ ኮሊና እስከ ኡም ራኩባ የስደተኛ ጣቢያዎች፣ በዚያ የዋልካ ጭቃ እህልና መድኃኒት ካመላለሱት መካከል ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘርና ቤድፎርድ ሎሪ ይገኙበታል። የእርዳታ ሥራ ሲያልቅ መኪናው በጨረታ ይወጣል። ከጨረታ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ገበሬ ይዞራል፤ በመጨረሻ ሱዳኖች ሰናዒያ በሚሉት የጋራዥ ሰፈር አጥር ጥግ ይቆማል። ከእነዚህ አንዱን አስነሥቶ ለመንዳት የሚያስብ ሰው ሞተሩን ከጨረሰ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው ዝገት ባወጣው ፓራውልትና በተላላጠው የበር እጀታ ላይ ነው። ስህተት የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው ምን እንደለበሰ ሳይለይ አሲድ ይገዛል።

እስቲ ከመለየቱ እንጀምር። ብረት ላይ የሚደረግ ልብጥ በጠባዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለብረቱ የሚሞትለት ነው፤ ዚንክ ይባላል። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮን አስቡ። ሲገጠም የተጫረ ቦታ ለዓመታት ሳይዝግ ይቆያል። ዚንክ ከብረት ይልቅ ለመበላት ፈጣን ስለሆነ ከጭረቱ ግራና ቀኝ ያለው ዚንክ እያለቀ ብረቱን ያቆያል። ሁለተኛው ዓይነት ክሮምና ኒኬል ነው። እነዚህ በቀላሉ አይበሉም፤ ችግሩ ግን ከዚሁ ይመጣል። የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ እርጥበት ከገባ የሚበላው ከሥር ያለው ብረት ነው፤ ያውም ምንም ካልለበሰ ብረት ፈጥኖ። ፓራውልቱ ላይ የምታዩት ቡናማ ነጠብጣብ ትንሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። በጥፍራችሁ ስትነኩት ልብጡ ይነሳል፤ ከሥሩም ጉድጓድ ታገኛላችሁ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። ጤነኛ ዚንክ አይነካም። የተነሳ ክሮም ግን ዝገቱ ከሥሩ እየሄደ ስለሆነ በላዩ ቀለም ብትቀቡበት ቀለሙም አብሮ ይወርዳል።

ላንድሮቨር ያላችሁ ሰዎች ይህችን ልብ በሉልኝ። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የብረት ላሜራ እጥረት ስለነበረ አብዛኛው ቦዲ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ፓራውልቱና የኋላ ሳጥኑን ጠርዝ የሚሸፍኑት ረጃጅም ዘንጎች ግን ብረት ናቸው፤ ቀልጦ በፈላ ዚንክ ውስጥ ተነክረዋል። ግራጫና ደብዛዛ መልካቸውን አይተው “አርጅቷል” በማለት በግራይንደር እስኪያብረቀርቁ የሚያሹ አሉ። እኔ ይህን ሳይ እበሳጫለሁ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን በላይ የሆነ ዚንክ በግማሽ ሰዓት ተጠርጎ ይሄዳል። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር ሺሕኛ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው አዲስ ዚንክ የለበሰ ብሎን ከ5 እስከ 12 ማይክሮን ቢኖረው ነው፤ ስለዚህ የጠፋው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ገምቱት። ከዚያም ራቁቱን የቀረው ብረት አሉሚኒየሙ ላይ ተመልሶ ይታሰራል። በመጀመሪያው ክረምት ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት ዝናብ ሲገባ፣ ብረቱ ይዝጋል፤ አሉሚኒየሙም መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት እያወጣ መበላት ይጀምራል።

ስለዚህ ዚንኩን በቀለሙ አንብቡት። ነጭ ዱቄት ከሆነ ዚንኩ ገና አለ፤ በውሃና በፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃዋል። ቀይ ዝገት የታየበት ቦታ ብቻ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀባል። በቀረው ላይ ቀለም ከፈለጋችሁ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ይቅደም። ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ ከጊዜ በኋላ እየተገለጠ ይነሳል፤ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የዚንኩ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ብሎንና ዳዶ እንምጣ። እነዚህ ላይ ያለው ዚንክ ስስ ስለሆነ በአብዛኛው አልቆ ግማሹ ዝጓል፤ እንደገና ለማስለበጥ ወይም ለመቀባት መነሳቱ ግድ ነው። ለዚህ ደግሞ ገበያ ወጥቶ አሲድ መግዛት አያስፈልግም። አቼቶ ይበቃል፤ ሱዳኖች ኸል ይሉታል። በሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ 5 በመቶ አካባቢ ነው።

ብሎኖቹን መጀመሪያ በሳሙና ከግራሶ አጽዷቸው፤ ግራሶ ካለ አሲዱ አይደርስም። ከዚያ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ አቼቶ አፍስሱባቸው። ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። በመጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ከጥርሱ ጉድጓድ እየተመዘዘ ይወጣል፤ ያ ሃይድሮጂን ጋዝ ነው። ወርቃማው ወይም ነጩ መልክ ይደበዝዛል፣ ብሎኑ ግራጫ ይሆናል፣ ቀጥሎም ጠቆር ይላል። አረፋው በረድ ካለ ዚንኩ አልቋል ማለት ነው። በሾዋክ ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ 40 ሲያልፍ፣ ይህ ከብርድ አገር ይልቅ ይፈጥናል፤ ማታ ነክሮ ጠዋት ማየት ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ቀን መርሳት ግን አይገባም፤ ከዚንኩ በኋላ አሲዱ ወደ ብረቱ ይዞራል፣ ጥርሱም ይሳሳል። ስታወጡት በውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ካላደረቃችሁት ዓይናችሁ እያየ ብርቱካንማ ዝገት ያለብሰዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንደኛው የብሎኑን ራስ አንብቡ። 8.8 የሚል ከሆነ ደህና ነው። 10.9 ወይም 12.9 የሚል ከሆነ አሲድ ውስጥ አታስገቡት። ያ ያያችሁት ሃይድሮጂን ሁሉም ወደ አየር አይወጣም፤ ጥቂቱ ወደ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ለስላሳ ብረት ይችለዋል፤ ጠንካራው ግን ተሰባሪ ይሆናል። ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ ከተለበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 190 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ምድጃ ለሰዓታት አቆይተው ጋዙን ያስወጡታል። ጋራዥ ውስጥ ያንን ሙቀት ለክቶ የሚይዝ ምድጃ ከሌለ የመሪ፣ የፍሬንና የባሌስትራ ብሎን፣ እንዲሁም ማንኛውም ሞላ፣ በብሩሽ ብቻ ይጽዳ፤ ካልሆነ በአዲስ ይለወጥ። የተጎዳ ብሎን ሲታሰር ምንም አይመስልም፤ በሁለተኛው ቀን ወይም በሁለተኛው ሳምንት ከራሱ ሥር ቅንጥስ ይላል።

ሁለተኛው ወርቃማውን መልክ ይመለከታል። በድሮ መኪኖች ዚንክ ላይ ቢጫ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይደረግ ነበር፤ ውስጡ ባለስድስት ክሮሚየም አለ። ካንሰር አምጪነቱ የታወቀ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪና ላይ እንዳይኖር ከልክሏል። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ላይ ቢጫ ብሎን ካያችሁ በደረቁ በግራይንደር አታቡንኑት፤ በውሃ እያራሳችሁ እሹት።

ሦስተኛው፦ ልብጥን በእሳት ለማንሳት አትሞክሩ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነጩ ጭስ ማታ ላይ ወባ የሚያስመስል ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። በዚህ አገር ወባ ስለማይጠፋ ብዙ በያጅ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ውጦ ይተኛል። ይባስ ብሎ በድሮ የፍሬን ዕቃዎችና በወታደር መኪና ብሎኖች ላይ ከዚንክ የማይለይ ካድሚየም ይገኛል፤ እሱ በ767 ዲግሪ ይተናል፣ ጭሱም ሳንባ አቃጥሎ ሰው ሊገድል ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ክሮም ስንመጣ ሥራው ይከብዳል። ክሮም የምትሉት የሚያብረቀርቅ ነገር አብዛኛው ኒኬል ነው። ላይኛው የክሮም ሽፋን ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን ኒኬል አለ፣ ብዙ ጊዜም ከኒኬሉ ሥር መዳብ። ክሮም መኪና ላይ የመጣው ከ1920ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ራቁት ኒኬል ሲሆን መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሁልጊዜም መወልወል ይፈልጋል።

ለመለየት ማግኔትና ሞረድ ይበቃል። የቮልስ ፓራውልት ወይም ኮፓ ላይ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ብረት ነው። የበር እጀታ፣ የመኪናው ስም የተጻፈበት ጌጥና አንዳንድ የፍሬቻ መያዣ ላይ ግን ማግኔቱ አይዝም፤ ወይም ኒኬሉ ራሱ ማግኔት ስለሚስበው ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። እንግዲያው እጀታውን ገልብጡና በማይታየው በኩል በሞረድ ትንሽ ጫሩት። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ ያዘለ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ የመዳብ መስመር፣ ከዚያ ደብዛዛ ግራጫ ካያችሁ፣ ከሥር ያለው በፎርማ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው። ለእንደዚህ ያለ ዕቃ አሲድም፣ የሳሙና ሠሪ ኮስቲክ ሶዳም ጠላት ነው። ልብጡ ሳይነሳ እጀታው ይሟሟል። ገጹ ላይ እንደ ብጉር ያበጠ ነገር ካለ ከውስጥ ዚንኩ ተበልቷል፤ እያንዳንዱን እብጠት በቀጭን መሰርሰሪያ መክፈት፣ መጥረግና በስታኞ መሙላት ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። ያ ትዕግሥት ከሌለ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽቶ ኢፖክሲ ፕራይመር መቀባት ይሻላል።

የብረት ፓራውልትስ? ክሮሙን ብቻ ለማንሳት ልብጥ ቤቶች ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ። ክሮሙ እየጨሰ ይሟሟል፣ ፈሳሹም አረንጓዴ ይሆናል። ሲቆም ግን ኒኬሉ ምንም ሳይነካ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ብዙ ሰው ክሮሙ እምቢ አለኝ የሚለው እዚህ ደርሶ ነው። ኒኬሉን ለማውጣት በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ አሲዱ ውሃ ከገባበት ብረቱን ራሱን ይበላል። ይህ የልብጥ ቤት ሥራ ነው። ከአሮጌ ባትሪ የሚቀዳው አሲድ ለዚንክ ይበዛል፣ ለኒኬል አይበቃም፤ እርሳስም ተሸክሟል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ መልሳችሁ ክሮም ልታስነክሩት ካሰባችሁ ሳትልጡት እንዳለ ውሰዱት፤ ነካሪው የራሱን አሠራር ያውቃል፣ በግራይንደር የተቦረቦረ ፓራውልት ደግሞ ያማርረዋል። ካርቱም ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ እንደ በፊቱ የሚኬድባት ከተማ ስላልሆነች፣ ከሾዋክ ሆኖ ክሮም ማስነከር ሩቅ ጉዳይ ነው። በዚህ ሁኔታ ቀለም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። የተነሳው ልብጥ በሞረድና በብሩሽ እስከ ጤነኛው ጠርዝ ድረስ ይወገድ፣ ጤነኛው በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ይታሽ፣ ጠርዙ በስቱኮ ይስተካከል፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ሙሉ በሙሉ መላጥ ላያስፈልግ ይችላል። በወንዝ አሸዋ መንፋት ግን ይቅርባችሁ፤ ክሮም ጠንካራ ስለሆነ አሸዋው ላሜራውን ያጣምመዋል፣ ብናኙም ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ዋናው አደጋ ያለው ግን ማንም አደገኛ ብሎ በማይጠረጥረው ዘዴ ላይ ነው፤ በባትሪ ቻርጀር። በልብስ ማጠቢያ ሶዳና በቻርጀር ዝገት ማንሳት ጥሩ ዘዴ ነው። የዛገው ዕቃ ኔጋቲቩ ላይ ይታሰራል፣ ፖዘቲቩ ላይ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ይታሰራል፣ ሁለቱ ሳይነካኩ ሶዳ ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዝገቱ ይለሰልሳል። ታዲያ አንድ ሰው “ገልብጬ ባስረው ክሮሙም ይነሳል” ብሎ ፓራውልቱን ፖዘቲቩ ላይ ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር ይነሳል። ውሃው ግን ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ ቅድም ያልነው ባለስድስት ክሮሚየም ነው፤ ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ፣ ከአረፋው ጋርም በጭጋግ መልክ ወደ አፍንጫ እየወጣ። አሲዱ ውስጥ የሚወጣው አረንጓዴ ክሮሚየም ከዚህ ጋር ሲተያይ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ብረቱ ያው ሆኖ ሳለ መርዝነቱን የሚወስነው የተነሳበት መንገድ ነው። ዝገት ብቻ ስታነሱም ፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ የምንለውን፣ አታድርጉ፤ ውስጡ ክሮሚየም ስላለ ያንኑ ቢጫ ያወጣል። አይዝግም ተብሎ የሚመረጠው እሱ መሆኑ ነው ክፋቱ። በሶዳ ፋንታ የገበታ ጨውም አይሆንም፤ ክሎሪን ጋዝ ያመጣል። ሥራው ሁሉ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ደጅ ላይ ይሁን፣ ሲጋራ ይራቅ። ጠንካራ ብሎንና ሞላ እዚህም አይገቡም።

ክሎሪን ካልን አይቀር፣ አሲድ የነካው ዕቃ በበረኪና አይታጠብም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ በኢፕር ግንባር ወታደር የፈጀው ነው። አሲድ ስትበጠብጡ ውሃው ይቅደም፣ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይግባ፤ ሲገለበጥ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ጨርቅ ፊት ላይ መጠቅለል አቧራ እንጂ ጋዝ አያቆምም። ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከረጨ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ከሁሉም በላይ አሲድን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። በዚህ ሙቀት ውሃ የጠማው ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም። ቢጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ የወረደበትን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፤ አፉን አጉመጥምጣችሁ ወደ ሕክምና አሩጡት።

የቀረን ፈሳሹ ነው። አቼቶው ውስጥ ዚንክ አለ፣ ከክሮም ሥራ የተረፈው ውስጥ ክሮሚየምና ኒኬል አለ። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ እዚያ መድፋት ይቀላል። አትባራ ግን ከጎንደር በኩል ጓንግና አንገረብ ሆኖ የመጣ፣ ተከዜን ሰቲት ብሎ የተቀበለ ውሃ ነው፤ ከሾዋክ ወርዶ በ1964 እ.ኤ.አ. ወደተጠናቀቀው የኸሽም አልጊርባ ግድብ ይገባል፣ ከዚያም በቦይ ወደ አዲስ ሃልፋ እርሻ ይሄዳል። መሬት ላይ መድፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል፣ የተደፋውም ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው። ለአቼቶውና ለአረንጓዴው ፈሳሽ በትልቅ ፕላስቲክ ገንዳ ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት፤ ብረቶቹ ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ። ገንዳው ፍየልና አህያ በማይደርስበት፣ ልጅ በማይገባበት ቦታ ታጥሮ ይቀመጥ፤ የሾዋክ ፀሐይ ውሃውን በቀናት ትጨርሰዋለች። የቀረውን ደረቅ ጭቃ ጓንት አድርጋችሁ፣ ሳይቦን፣ ክዳን ባለው የቀለም ቆርቆሮ ከትታችሁ ምንነቱን በአማርኛም በዓረብኛም ጻፉበት። ቢጫው ፈሳሽ ግን በኖራ አይዘቅጥም፣ ለብቻው ሌላ ኬሚካል ይፈልጋል፤ በስህተት የሠራው ካለ ሳያተነው፣ ሳይደፋው በታሸገ ጀሪካን ያቆየውና ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ያማክር።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የሚያፈስ ራዲያተር ሳይወጣ እንዴት እንደሚፈተሽ እናያለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)